ማይል በ40 ዶላር፦ የመጀመሪያ ማራቶናችሁን ለበጎ አድራጎት ለመሮጥ

ኡበር ስነዳ ተሳፋሪው ስሜን ስልኩ ላይ አይቶ "ኢትዮጵያዊ ነህ? እንግዲያው ሯጭ ነህ!" ይለኛል። ለዓመታት ፈገግ ብዬ አሳለፍኩት። በ41 ዓመቴ የማውቀው ሩጫ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ የሮጥኩት ብቻ ነበር። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ በ2:03:59 ሲገባ አንዱ ማይል በአማካይ 4 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ አካባቢ ፈጅቶበታል። እኔ ባለፈው ኦክቶበር፣ ማሪን የሚባለው የአሜሪካ ጦር የሚያዘጋጀውን የማሪን ኮር ማራቶን ስጨርስ አንዱ ማይል 13 ደቂቃ ገደማ ወስዶብኛል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለሯጭ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ወይም ካሸር ላይ ለሚውል ሰው ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር ሐበሾች ውድድሩ ደጃችን ላይ ነው። በኦክቶበር መጨረሻ እሑድ ጠዋት አርሊንግተን ውስጥ ከፔንታገን አጠገብ መድፍ ተተኩሶ ይጀመራል፤ ሮዝሊን ካለው የኢዎ ጂማ ሐውልት ሥር ያልቃል። ከ1976 ጀምሮ አለ፣ ላሸነፈ የገንዘብ ሽልማት ስለሌለው "የሕዝብ ማራቶን" ይሉታል። መግቢያው ሁለት ነው። ወይ ራሳችሁ ከፍላችሁ ትመዘገባላችሁ፣ ወይ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከያዘው ቦታ ይሰጣችሁና በምትኩ ገንዘብ ታሰባስቡለታላችሁ። እኔ በሁለተኛው ገባሁ። ድርጅቱ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት ማሳከሚያ የሚያሰባስብ ነው፤ ከእኔ የፈለገው 1,000 ዶላር ነበር።

ከመፈረማችሁ በፊት ውሉን እስከ ታች አንብቡት። ብዙዎቹ ውስጥ የተባለው ገንዘብ ካልሞላ ቀሪው ከክሬዲት ካርዳችሁ ይቆረጣል የሚል አንቀጽ አለ። ብትታመሙስ? እሱንም ጠይቁ፣ መልሱን በኢሜይል ያዙ። ድርጅቱ ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ፣ ማለትም በሕግ ከታክስ ነፃ የሆነ በጎ አድራጊ፣ መሆኑን የግብር መሥሪያ ቤቱ የአይ.አር.ኤስ ድረ ገጽ ላይ በስሙ ፈልጋችሁ አረጋግጡ። ገንዘቡም በቀጥታ ወደ ድርጅቱ ይግባ። እኔ መጀመሪያ ላይ የሦስት ሰው ገንዘብ ዜል በሚሉት የስልክ መላኪያ ወደ ራሴ ተቀብዬ፣ ለታክስ የሚሆን ደረሰኝ ሲጠይቁኝ የምሰጣቸው አጣሁ። መልሼ ልኬላቸው "እባካችሁ እንደገና በዚህ ገጽ ክፈሉ" ስላቸው ያፈርኩትን ማፈር እኔ ነኝ የማውቀው። ሠራተኛው የለገሰውን ያህል ጨምረው የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶችም አሉና ቢሮ የሚሠሩ ወዳጆቻችሁን ጠይቁልኝ እያላችሁ ወትውቱ።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ነገር። እኛ ለእድር እናዋጣለን፣ ለለቅሶ እናዋጣለን፣ ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ እናዋጣለን። "ልሮጥ ነውና ገንዘብ ስጡኝ" ማለት ግን አፍ ላይ አይመጣም፤ ይሉኝታ አለ። እኔም ሊንኩን ቫይበር ግሩፕ ላይ ለጥፌ ሦስት ሳምንት ቁጭ አልኩ። ስልሳ ሰው አየው፣ ሁለት ሰው ከፈለ፣ አንዷ እህቴ ናት። ግሩፕ ላይ የተለጠፈ ልመና "ለሌላው ነው" ተብሎ ይታለፋል።

ያዳነኝ የእቁባችን ጸሐፊ ነው። "ለምን ማይሉን አትሸጠውም?" አለኝ። 26 ማይል፣ አንዱ በ40 ዶላር፣ 1,040 ዶላር። ደብተር ገዝቼ ከ1 እስከ 26 ቁጥር አወረድኩና ሰው ፊት ለፊት እየቀረብኩ "የቱን ትወስዳለህ?" ማለት ጀመርኩ። ልመናው ገበያ ሆነ! የልጁን ልደት ቀን የመረጠ አለ፣ "ቁልቁለት የሆነውን ስጠኝ" ያለም አለ። ኤርፖርት አብረውኝ ወረፋ የሚጠብቁ ሾፌሮች ድልድዩ ያለበትን 20ኛውን ማይል ተጫረቱበት፤ 75 ዶላር ወጣ። እናንተም ስትጠይቁ ምክንያቱን በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ። የእኔ ይህች ብቻ ነበረች፦ "በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሲደጋገም የልጁን የልብ ቫልቭ ያበላሻል፤ ቀዶ ሕክምናው ደግሞ ውድ ነው።" ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፣ ግን እሱ ነው እጅን ኪስ የሚያስገባው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ አንዲት እናት በእጃቸው ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ትሮጣለህ አሉ። ማን እያባረረህ ነው?"

አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና "ታዲያ ሳትሮጥ ብሰጥህ አይሆንም? ጉልበትህን ለምን ትጎዳለህ?" አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ የረባ መልስ የለኝም። የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈተው አራት ቦታ የታጠፈ 5 ዶላር መዳፌ ላይ አስቀመጡ። ማይሎቹ ተሸጠው አልቀው ነበር። ማራቶን ግን 26 ላይ አያቆምም፣ 0.2 ማይል ትርፍ አለው። ደብተሩ ግርጌ "ሽርፍራፊዋ፦ እማማ" ብዬ ጻፍኩና አምስቷን በስማቸው በካርዴ ከፈልኩ።

ልምምዱን ከሰኔ መባቻ ጀምሩ፤ እስከ ውድድሩ 20 ሳምንት ነው። አስቀድማችሁ ሐኪም ይያችሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፤ ሁለቱ ከ3 እስከ 5 ማይል፣ አንዱ ረጅም። ረጅሙ ከ5 ማይል ተነሥቶ በየሳምንቱ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ማይል ይጨምራል፤ በየአራተኛው ሳምንት ግን ቀነስ አድርጉትና እግራችሁ ይረፍ። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው 20 ማይል ሮጣችሁ ከዚያ እየቀነሳችሁ ትመጣላችሁ። በመጨረሻው ሳምንት "ትንሽ ልጨምር" የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል፤ አትስሙት።

ፍጥነታችሁን የምትለኩት በሰዓት አይደለም። "አባታችን ሆይ"ን ድምፅ አውጥታችሁ ሳይቆራረጥባችሁ መድገም ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። እኔ አራት ደቂቃ እየሮጥኩ አንድ ደቂቃ እራመድ ነበር፤ በውድድሩም ቀን እንደዚያው። ችግሩ እዚህም ይሉኝታ ነው። ማውንት ቨርነን ትሬይል ላይ ሐበሻ የሚመስል ሰው ከፊቴ ሲመጣ ስራመድ እንዳያየኝ እሮጣለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ስፈተለክ ባቴን ያዘኝና አሥር ቀን ከሩጫ ቀረሁ። ሰውየው ጠጋ ሲል ደግሞ ሐበሻም አልነበረም።

ጫማ የሩጫ ጫማ ብቻ ከሚሸጥ ሱቅ ግዙ፣ እግር አበጥ በሚልበት ከሰዓት በኋላ፣ ከልካችሁ ግማሽ ቁጥር አስበልጣችሁ። ብብት፣ ጭን ለጭንና የጡት ጫፍ ላይ ቫዝሊን ተቀቡ። የጡት ጫፉ ነገር ቀልድ ይመስላል፣ ሻወር ውስጥ እስክትጮኹ።

የዚህ አገር ወበቅ ከንጋት 11 ሰዓት ካልወጣችሁበት አያስሮጥም። የሚጦም ሰው ደግሞ ልምምዱ ሲጠነክር ፍልሰታ ይገባበታል። እኔ በነሐሴ አንድ ዓርብ፣ ሌሊት ነድቼ፣ ምንም ሳልቀምስ 12 ማይል ልሮጥ ወጣሁ። ዘጠነኛው ላይ ዛፎቹ ነጭ ሆኑብኝ፤ አግዳሚ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ፣ አንዲት ውሻ የምታንሸራሽር ሴት ውሃ አጠጣችኝ። ከዚያ ንስሐ አባቴን አማክሬ ረጅሙን ሩጫ ወደ ቅዳሜ አዛወርኩት፤ ቅዳሜ ጠዋት ከሥጋና ከወተት እንጂ ከእህል አይጦምም። ከመውጣቴ ሁለት ሰዓት በፊት አንድ ኩባያ በሶ በማርና በጨው በጥብጬ እጠጣለሁ። ቀጠን አድርጉት። አንዴ ወፍራም በሶ በፌስታል ቋጥሬ ይዤ መንገድ ላይ ልበላ ስሞክር ላንቃዬ ላይ ሲሚንቶ ሆኖ ቀረ። ለመንገድ ቴምር ይሻላል፣ በሰዓት ሦስት ትልልቅ። ውሃውንም ሲጠማችሁ ነው እንጂ አታጥለቅልቁት፤ ያለ ጨው ብዙ ውሃ ራሱ ሰው ይጥላል።

በውድድሩ ቀን አዲስ ነገር አትሞክሩ፤ ካልሲም ቢሆን። የመጀመሪያዎቹ ማይሎች ላይ ሮዝሊን አካባቢ ዳገት አለ፣ ሰው ሁሉ እየበረረ ያልፋችኋል፣ ተዉት። ጆርጅታውንን አልፋችሁ ሄንስ ፖይንት ስትደርሱ በመንገዱ ዳር የሞቱ ወታደሮች ፎቶ ተደርድሯል፤ ያ ሁሉ ጫጫታ ድንገት ጸጥ ይልና የጫማ ድምፅ ብቻ ይሰማል። እዚያ ብዙ ሰው ያለቅሳል፣ እኔም።

ከዚያ የ14ኛው ጎዳና ድልድይ ይመጣል። አንዱን ማይል ከ14 ደቂቃ በላይ እየፈጀ የመጣና ድልድዩ ጋ በተወሰነው ሰዓት ያልደረሰ አውቶቡስ ላይ ይጫናል። ጥላ የሌለው ረጅም ኮንክሪት ነው፣ ጭኔ እንጨት ሆኗል። ደብተሩን ቀድጄ ኪሴ ከትቼ ነበርና አወጣሁት፤ ላብ ቢያጠፋውም የ20ኛው ማይል መስመር ላይ የሾፌሮቹ ስም ይነበባል። "75 ዶላር ከፍለን አውቶቡስ ላይ ወጣህ?" ሲሉኝ ይታየኝ ጀመር። የእናንተንም ዝርዝር ይዛችሁ ሩጡ። መጨረሻ ላይ ወደ ሐውልቱ የሚያስወጣ ዳገት አለ፣ አጭር ግን ክፉ። ሽርፍራፊዋ ማለት እሷ ናት።

ሜዳልያውን ማሪኖቹ ሲያጠልቁላችሁ ቁጭ አትበሉ፤ ሩብ ሰዓት ተራመዱ። በማግስቱ ደረጃ የምትወርዱት ወደ ኋላ ዞራችሁ ነው። በዚያው ቀን ለእያንዳንዱ ሰጪ የገዛው ማይል በስንት ደቂቃ እንደተሮጠና ጠቅላላው ስንት እንደደረሰ ለየብቻ ጻፉለት። የእኔ 1,080 ሆነ።

ለእማማ ግን ደወልኩ።

"ጨረስክ?" አሉኝ።

"ጨረስኩ፣ እማማ።"

"ያባረረህስ?"

"አውቶቡስ ነበር። አልደረሰብኝም።"