ሬኪ ለምትማሩ፦ መጀመሪያ እጃችሁን አሙቁ

ሬኪ (መዳፍን ሰውነት ላይ በማሳረፍ ሰውን የማረጋጋት ልምምድ) እየተማራችሁ ከሆነ፣ ሰው ላይ ከመሞከራችሁ በፊት ለተወሰኑ ሳምንታት በራሳችሁ ላይ ተለማመዱ። እ.ኤ.አ. በ1922 ጃፓናዊው ሚካኦ ኡሱይ የጀመረው ይህ ልምምድ እንደ ወጌሻ ማሸት አይደለም። መዳፍ ቀስ ብሎ ያርፋል፣ በቃ።

የጅማ ክረምት እጅ ያቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ መዳፍ ደግሞ ሰውነትን ያስደነግጣል። እኔ ማታ ቡና ከተጠጣ በኋላ ትኩስ ስኒ በሁለት እጄ እይዛለሁ። ከዚያ ዓይኔ፣ ደረቴ፣ ሆዴ ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አሳርፋለሁ። ትከሻችሁን ልቀቁት፤ እናንተ ከተወጠራችሁ እጃችሁም ይከብዳል።

ሰው ላይ ስትጀምሩ ልብስ አይወልቅም። ፈቃድ ግን የግድ ነው። ጎረቤቴን «እማማ፣ እጄን ትከሻዎ ላይ ላሳርፍ?» ብዬ ነው የምጠይቃቸው። ራስ ላይ እጅ መጫን እኛ ዘንድ ከጸሎት ጋር ስለሚያያዝ፣ ብዙ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። ከትከሻ መጀመር ይሻላል።

ሬኪ በሽታ እንደሚያድን በሳይንስ አልተረጋገጠም። ለመረጋጋት ተጠቀሙበት። ደረቱን የሚወጋው ወይም ትኩሳት ያለው ሰው ካጋጠማችሁ ግን እጃችሁን አንሱና ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዱት።