የቤት ውኃ ሲቀጥን ችግሩ የት እንዳለ መፈለጊያ

ውኃው ሲቀጥን ፓምፕ ለመግዛት አይቸኩሉ። ቧንቧው ውስጡን በዝገት ከጠበበ ፓምፕ ብዙም አይረዳም፤ ደካማ መገጣጠሚያ ካለ ደግሞ ጭራሽ ሊያፈነዳው ይችላል።

በቤቱ ያሉትን ቧንቧዎች አንድ በአንድ ከፍተው ይዩ። የቀጠነው አንዱ ብቻ ከሆነ ጫፉ ላይ ያለችውን ወንፊት ፈትተው አሸዋውን ያጥቡ፤ ነጩ ቅርፊት ካልለቀቀ አቼቶ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ይዘፍዝፏት። ያለ ወንፊትም ውኃው ካልበረታ ከሥር ያለችው መዝጊያ በደንብ አልተከፈተችም፣ ወይም ፍሌክሲብሉ (ተጣጣፊው ማገናኛ ቱቦ) ታጥፏል። ሙቁ ብቻ ከቀጠነ የቦይለሩን መግቢያ መዝጊያና ቼክ ቫልቭ (ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን) ይመርምሩ።

ሁሉም ከቀጠነ ጎረቤት ይጠይቁ። እነሱ ጋ ደህና ከሆነ ቆጣሪው አጠገብ ያለው ዋና መዝጊያ እስከ መጨረሻው መከፈቱን ያረጋግጡ። አሮጌ መዝጊያ ያታልላል፦ እጀታው ይዞራል፣ ውስጡ ያለው ሳህን ግን ከዘንጉ ተላቆ መንገዱን እንደዘጋ ይቀራል። ከዚያ ዋናውን መዝጊያ ክፍት ትተው የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ ይዝጉና የቆጣሪውን ንባብ ይጻፉ። ታንከር እየሞላ ሳይሆን በ30 ደቂቃ ውስጥ ከተቀየረ የሆነ ቦታ ይፈሳል፤ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ማጠራቀሚያ ይዩ።

ቁርጡን የሚናገረው የግፊት መለኪያ ነው። ግቢ ካለው ቧንቧ ጋር አጥብቀው ያሰሩትና ሁሉም ተዘግቶ ያንብቡ፤ ቀጥሎ ሌሎች ሁለት ቧንቧዎች ከፍተው ይድገሙ። ተዘግቶ 3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) የነበረው ሲከፈት ወደ 1 ባር ከወረደ ግፊቱ አለ፣ መንገዱ ነው የጠበበው፦ የዛገ የብረት ቧንቧ፣ የተደፈነ ማጣሪያ፣ ወይም ሲበየድ ከመጠን በላይ ቀልጦ ቀዳዳውን ያጠበበ የፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) መገጣጠሚያ። ቧንቧዎቹ እንደተከፈቱ መለኪያውን ከቆጣሪው ጀምሮ ወደ ውስጥ እያዛወሩ ሲለኩ ንባቡ በድንገት የሚወርድበት ክፍል ተጠያቂው ነው። የዛገውን ክፍል መቀየር እንጂ መጥረግ አያዛልቅም።

ተዘግቶም ዝቅተኛ ከሆነ ችግሩ ከውጭ ከሚመጣው መስመር ወይም ከግፊት መቀነሻው ነው። ውኃው በራሱ ክብደት ከጣሪያ ታንከር የሚወርድ ከሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ገደማ ነው። ከሻወሩ 3 ሜትር ከፍ ያለ ታንከር 0.3 ባር ብቻ ይሰጣል፤ ይህን ጽዳት አይጨምረውም። ፓምፕ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ከጥገናው በፊትና በኋላ 10 ሊትር ባልዲ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ይመዝግቡ፤ 60 ሰከንድ ከፈጀ በደቂቃ 10 ሊትር ማለት ነው።