ሪከርዱ ይጠበቃል፣ ጭንቅላቱስ? የፕሮፌሽናል ቦክስ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እሑድ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ። ላስ ቬጋስ ላይ ገና ቅዳሜ ማታ ነው። እኛ አዲስ አበባ ላይ እንቅልፍ ባልጠገበ ዓይን ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጠናል። ሜይዌዘር ከፓኪያዎ! አምስት ዓመት የተጠበቀ ግጥሚያ። 12ቱ ዙር አለቀ። ሜይዌዘር በነጥብ አሸነፈ። ጓደኛዬ «በቃ? ይቺው ናት?» አለና ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ።

እኛስ በነፃ ነው ያየነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ወደ 100 ዶላር ከፍለዋል። እዚያ 4.6 ሚሊዮን ጊዜ ተሽጧል። ለነጋዴው ከዚህ የበለጠ ሠርግ የለም።

ቦክስን ምን ጎዳው ሲባል ብዙ ሰው «ገንዘብ» ብሎ ይገላገላል። እኔ ግን የዚህ ስፖርት ሰዎች ጥንቃቄ የሚያበዙት በተሳሳተው ቦታ ነው ባይ ነኝ። የቦክሰኛቸውን ሪከርድ፣ ማለትም ስንት አሸንፎ ስንት እንደተሸነፈ የሚያሳየውን ቁጥር፣ እንደ ዓይን ብሌን ይጠብቃሉ። ጭንቅላቱን መጠበቅ ላይ ሲደርሱ ግን ዳተኛ ይሆናሉ። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ብዙዎቹ ከዚህ የመጡ ናቸው። (ከአሁን በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ግጥሚያን ማሳደር

ዶሮ ወጥ ሲያድር ይጣፍጣል። ቦክስ ሲያድር ይሻግታል።

የሜይዌዘርና የፓኪያዎ ድርድር የተጀመረው በ2009 መጨረሻ ነው። ያኔ ፓኪያዎ እሳት ነበር። ዴ ላ ሆያን፣ ሃተንን፣ ኮቶን በተከታታይ አሸንፏል። ድርድሩ በአበረታች ቅመም የደም ምርመራ ጉዳይ ፈረሰ። ከዚያ ሌላ ሰበብ፣ ከዚያ ሌላ። ሲገናኙ አንዱ 38፣ ሌላው 36 ዓመት ሆኗቸዋል። በመሀል፣ በ2012፣ ማርኬዝ ፓኪያዎን በአንድ ቡጢ ዘርሮታል። እኛ በዚያ ጠዋት ያየነው የድሮ ፎቶ ነው።

ክሮፎርድና ስፔንስም እንደዚሁ ሆኑ። ሁለቱም ያልተሸነፉ፣ ሁለቱም በአንድ ክብደት ላይ ያሉ ሻምፒዮኖች ናቸው። ግን ለዓመታት አንዱ በአንድ አዘጋጅና ቴሌቪዥን፣ ሌላው በሌላ ታስረው ቆዩ። በመሀሉ ስፔንስ ከባድ የመኪና አደጋ ደረሰበት፤ ዓይኑንም ተጎዳ። በሐምሌ 2023 ሲገናኙ ክሮፎርድ ሦስት ጊዜ ጥሎት በ9ኛው ዙር ጨረሰው። ክሮፎርድ ድንቅ ነበር። የ2019ኙ ስፔንስ ቢሆንስ? የሚል ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ይነሳል፤ መልስም የለውም።

ከ2023 ወዲህ የሳዑዲ ገንዘብ ተቀናቃኝ አዘጋጆችን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧል። «አይቻልም» ሲባል የኖረው ነገር ለካስ የሚቻል ነበር! ይህን ማመስገን ተገቢ ነው። ነገር ግን ስፖርቱ በአንድ ኪስ ላይ ሲንጠለጠል ያሳስበኛል። ኪሱ የተዘጋ ቀን ሁሉም ወደየአጥሩ ይመለሳል። የሚሻለው ውሉን ማስተካከል ነው። ለምሳሌ ሁለት ሻምፒዮኖች በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ካልተገናኙ ቦክሰኛው ራሱ ከሌላ አዘጋጅ ጋር የመደራደር መብት ይኑረው።

ዜሮዋን ማምለክ

ሜይዌዘር 50 አሸንፎ ዜሮ ተሸንፎ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሁሉም ወጣት ያቺን ዜሮ ይፈልጋል። አዘጋጆችም ይህን ስለሚያውቁ ልጁን በ20 ደካማ ተጋጣሚ ያሳድጉታል። ሁሉንም በዝረራ ያሸንፋል። ከዚያ የመጀመሪያው እውነተኛ ቦክሰኛ ሲመጣ ግራ ይገባዋል።

አሊ አምስት ጊዜ ተሸንፏል። መጋቢት 8 ቀን 1971 ከፍሬዘር ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ሽንፈት አያውቁም ነበር፤ ማንም ግን አልሸሸም። አሊ ወድቆ፣ ተነስቶ፣ በነጥብ ተሸነፈ። ስሙ አነሰ? ሊዮናርድም በሰኔ 1980 በዱራን ተሸንፎ አምስት ወር ሳይቆይ የመልስ ግጥሚያ ጠየቀ። በ8ኛው ዙር ዱራን ራሱ በቃኝ ብሎ ወጣ። ዛሬ ቢሆን አማካሪዎቹ «ሁለት ቀላል ግጥሚያ እናግኝልህ» ይሉት ነበር።

በነገራችን ላይ ይህን ስህተት ሴቶቹ እምብዛም አይሠሩትም። ኬቲ ቴይለርና አማንዳ ሴራኖ ከ2022 እስከ 2025 ሦስት ጊዜ ተጋጥመዋል። ሦስቱንም ቴይለር በነጥብ አሸንፋለች፤ ሴራኖ ግን በየጊዜው ክብሯ ጨምሮ ነው የወጣችው።

ቀበቶ ማብዛት

ሒሳቡ ቀላል ነው። 17 የክብደት ምድብ አለ። ቀበቶ የሚሰጡ አራት ዋና ድርጅቶች አሉ፤ ደብሊው ቢ ኤ፣ ደብሊው ቢ ሲ፣ አይ ቢ ኤፍ እና ደብሊው ቢ ኦ። 17 በ4 ሲባዛ 68 «የዓለም ሻምፒዮን» ነው። በዚያ ላይ ጊዜያዊ ሻምፒዮን፣ ሱፐር ሻምፒዮን፣ የአልማዝ ቀበቶ... የመርካቶ ቀበቶ ተራም እንዲህ አያማርጥም።

ለምን በዛ? ድርጅቶቹ ከእያንዳንዱ የሻምፒዮና ግጥሚያ የቦክሰኛውን ክፍያ 3 በመቶ ገደማ ይወስዳሉ። ቀበቶ ሲበዛ ገቢ ይበዛል። ሚስጥሩ ይኸው ነው።

ጉዳቱን ለማየት የታይሰን ፉሪን ነገር አስታውሱ። በኅዳር 2015 ጀርመን ድረስ ሄዶ ለዓመታት የነገሠውን ክሊችኮን አሸነፈ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አይ ቢ ኤፍ ቀበቶውን ነጠቀው። ምክንያቱ ድርጅቱ ካዘዘለት ተጋጣሚ ይልቅ ከክሊችኮ ጋር የመልስ ግጥሚያ ውል ስለነበረው ነው። በግንቦት 2024 ደግሞ ኡሲክ ፉሪን ሪያድ ላይ አሸንፎ አራቱንም ቀበቶ ሰበሰበ። ከባድ ሚዛን ከሌኖክስ ሉዊስ ወዲህ፣ ማለትም ከ1999 ጀምሮ፣ አንድ ንጉሥ አይቶ አያውቅም ነበር። ያ ደስታ ስንት ጊዜ ቆየ? ወር ከምናምን። ኡሲክ የአይ ቢ ኤፍን ቀበቶ ለቀቀ፣ እንግሊዛዊው ዳንኤል ዱቧም ጓንት ሳያጠልቅ ሻምፒዮን ተባለ። ኡሲክ በሐምሌ 2025 ዱቧን በ5ኛው ዙር ዘርሮ ቀበቶውን አስመልሶታል። መጀመሪያውኑ ከእጁ መውጣት ግን አልነበረበትም። አንድ ሰው አራቱንም ከያዘ ድርጅቶቹ ተነጋግረው ተራው የደረሰ አንድ ተጋጣሚ ይምረጡለት። አራት አለቃ ያለው ሠራተኛ የማንንም ሥራ አይጨርስም።

ዳኛን ያለ ጥያቄ መተው

መስከረም 2017፣ ካኔሎ ከጎሎቭኪን። ሦስት ዳኞች ሦስት ዓይነት ውጤት ሰጡ። አንዱ ለጎሎቭኪን 115 ለ113፣ አንዱ እኩል 114 ለ114። ሦስተኛዋ ለካኔሎ 118 ለ110። ይህ ምን ማለት ነው? ከ12 ዙር 10ሩን ካኔሎ አሸነፈ ማለት ነው። ግጥሚያውን ያየ ሰው ሳቅም ንዴትም ይዞታል። ውጤቱ እኩል ተባለ።

አዲስ ነገር አይደለም። በ1999 ሉዊስ ሆሊፊልድን ሲያንገላታው አምሽቶ እኩል ወጣችሁ ተባሉ።

ዳኛ ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ቅር የሚለኝ የተሳሳተ ዳኛ ለምን እንዲህ ፈረድክ ተብሎ በአደባባይ አለመጠየቁ ነው። እግር ኳስ ውስጥ ቫር ገብቶ እንኳ እንጨቃጨቃለን፤ እዚህ ግን ወረቀቱ ይነበባል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደብሊው ቢ ሲ አንዳንድ ቦታ ከ4ኛውና ከ8ኛው ዙር በኋላ ነጥቡን ያሳውቃል። እየመራ ያለው ሰው በመጨረሻ ሊሸሽ ይችላል የሚል ተቃውሞ አለው፤ ተቃውሞው ልክ ነው። ቢሆንም ቦክሰኛው እየተሸነፈ መሆኑን ሳያውቅ ቀበቶውን ከሚያጣ ያ ይሻላል ባይ ነኝ።

በውኃ ጥም ኪሎ መቀነስ

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ከውጭ ስለማይታይ።

ቦክሰኛው ሚዛን ላይ የሚወጣው ከግጥሚያው በፊት ባለው ቀን ነው። ስለዚህ ለሚዛኑ ብሎ ሰውነቱን እንደ ቋንጣ ያደርቃል። ወፍራም ልብስ ደራርቦ ይሮጣል፣ ሳውና ውስጥ ይቀመጣል፣ ምራቁን ሳይቀር ይተፋል። ሚዛኑን ካለፈ በኋላ ይጠጣል፣ ይበላል፣ በማግስቱ ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል። በየካቲት 2000 ኒው ዮርክ ላይ አርቱሮ ጋቲና ጆይ ጋማቼ 64 ኪሎ ገደማ ላይ ተመዘኑ። በግጥሚያው ምሽት የቴሌቪዥኑ ሚዛን ጋቲን 72 ኪሎ ተኩል፣ ጋማቼን 66 አካባቢ አሳየ። በአንድ ቀን ውስጥ! ጋማቼ በ2ኛው ዙር ተዘረረ። አንጎሉ ተጎድቶ ዳግመኛ ሪንግ ላይ አልወጣም።

አደጋው ግን በትንሹ ቦክሰኛ ላይ ብቻ አይደለም። ውኃ ያጣ ሰውነት በአንድ ሌሊት አይመለስም፤ የአንጎልም ነገር እንዲሁ። ዶክተሮች የደረቀ ሰው አንጎሉ ውስጥ ለሚደርስ ደም መፍሰስ ይበልጥ ይጋለጣል ብለው ይሰጋሉ። በነሐሴ 2025 ቶኪዮ ላይ በአንድ ምሽት፣ በአንድ አዳራሽ፣ በተለያየ ግጥሚያ የተጎዱ ሁለት የ28 ዓመት ቦክሰኞች በተከታታይ ቀናት ሞቱ። ሁለቱም አንጎላቸው ደም ፈስሶበት ነበር። ከዚያ በኋላ የእስያና ፓስፊክ የሻምፒዮና ግጥሚያዎች ከ12 ወደ 10 ዙር ዝቅ አሉ።

ልብ በሉ፣ የዓለም ሻምፒዮና ከ15 ወደ 12 ዙር የወረደውም ደቡብ ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም በ1982 ከሞተ በኋላ ነው። ሕጉ ሁልጊዜ ከቀብር በኋላ ነው የሚመጣው። አሁን ሰው ሳይሞት ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። አይ ቢ ኤፍ ለዓመታት በብዙ የሻምፒዮና ግጥሚያዎቹ በዕለቱ ጠዋት ሁለተኛ ሚዛን ሲያካሂድ ቆይቷል፤ ከገደቡ በላይ ከ4 ኪሎ ተኩል በላይ መጨመር አይፈቅድም ነበር። ሌሎቹ ሦስቱ ይህን መቅዳት ምን ያግዳቸዋል?

ፎጣ መወርወርን እንደ ውርደት ማየት

በሐምሌ 2019 ሜሪላንድ ውስጥ፣ ብዙ የኛ ሰው ከሚኖርበት ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ማክሲም ዳዳሼቭ የሚባል የ28 ዓመት ሩሲያዊ ተጋጠመ። ከ11ኛው ዙር በኋላ አሰልጣኙ በዲ ማክገርት «ላቆመው ነው» ብሎ ለመነው። ልጁ ራሱን ነቅንቆ እምቢ አለ። ማክገርት አልሰማውም፣ አቆመው። ከአራት ቀን በኋላ ዳዳሼቭ ሞተ።

ማክገርት ትክክለኛውን ሠርቷል። እሱ ባይኖር 12ኛውም ዙር ይቀጥል ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ግን 11ኛው ላይ ሳይሆን ቀደም ብሎ ነው። ቦክሰኛ «በቃኝ» እንዲል አይጠበቅም፤ ሙያው እንዳይል ነው ያሠለጠነው። ስለዚህ ማዕዘኑ ላይ ያለው አሰልጣኝ ፎጣ ወርውሮ ግጥሚያውን በማስቆም ይበልለት፣ እኛም ፎጣ ሲወረወር አናፏጭ።

ሐኪሙም ቅርብ ይሁን። በ1991 ለንደን ላይ ማይክል ዋትሰን ከክሪስ ዩባንክ ጋር ተጋጥሞ ሲወድቅ ሪንጉ አጠገብ የሚያስፈልገው የድንገተኛ ሕክምና አልነበረም። መጀመሪያ የተወሰደውም የአንጎል ቀዶ ሕክምና ወደሌለበት ሆስፒታል ነው። 40 ቀን ራሱን ሳያውቅ ተኛ። የብሪታንያን የቦክስ ቦርድ ከሶ ረታ፤ ቦርዱም የለንደን ጽሕፈት ቤቱን እስከመሸጥ ደረሰ። ዋትሰን በ2003 የለንደንን ማራቶን በእግሩ ጨረሰ። ስድስት ቀን ፈጅቶበታል። እኛ ማራቶንን በሰዓትና በሰከንድ ለምንቆጥር ሰዎች እንኳ ይህ ትልቅ ውጤት ነው።

አበረታች ቅመምን በውል መመርመር

አንድ ታዋቂ ኢትዮጵያዊ ሯጭ የት እንደሚያድር በየቀኑ ማሳወቅ አለበት። መርማሪ በማለዳ በሩን ሊያንኳኳ ይችላል። በፕሮፌሽናል ቦክስ ግን ዓመቱን ሙሉ ሁሉንም የሚይዝ አንድ ሥርዓት የለም። ብዙ ጊዜ ምርመራው ሁለቱ ወገኖች ለዚያ ግጥሚያ ብለው ሲስማሙ ነው የሚመጣው። ሩጫ ላይ ያጭበረበረ ሰው ሜዳልያ ይሰርቃል። እዚህ ግን ሰው ይመታል።

ራያን ጋርሺያ በሚያዝያ 2024 ዴቪን ሄኒን ሦስት ጊዜ ጣለው። ክብደቱን እንኳ ሳያሟላ ነው ሪንግ ላይ የወጣው። በኋላ ኦስታሪን የሚባል የተከለከለ አበረታች ቅመም ተገኘበት፤ ውጤቱ ተሰረዘ፣ አንድ ዓመት ታገደ። ሄኒ የቀመሰውን ቡጢ ግን ማንም አልሰረዘለትም።

የኛ የተመልካቾች ስህተት

ሁሉን በአዘጋጁ ላይ ጭኖ መሄድ ይቀላል። በኅዳር 2024 ግን ማይክ ታይሰን በ58 ዓመቱ ከዩቲዩበሩ ጄክ ፖል ጋር ሲጋጠም ኔትፍሊክስ 108 ሚሊዮን ሰው አየው ብሏል። ታይሰን እግሩ አልታዘዘው ብሎ ጓንቱን ሲነክስ አመሸ። የዚያኑ ምሽት፣ ከነሱ በፊት፣ ቴይለርና ሴራኖ ደም በደም ሆነው የዓመቱን ምርጥ ግጥሚያ አሳይተዋል። ብዙ ሰው ግን ታይሰንን እስኪያይ ነበር የቸኮለው።

እኔስ? ከሳምንት በፊት ጀምሮ «ይህን ቀልድ አላይም» ስል ከርሜ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የደወል ሰዓቴን ሞልቼ ተነሳሁ፣ ባለቤቴን እንዳልቀሰቅስ ድምፁን ቀንሼ እስከመጨረሻው አየሁት። ከዚያ 108 ሚሊዮን ውስጥ አንዱ እኔ ነኝ።