የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ልጆችና ክትባት፦ ወላጆች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

"ልጄ መድኃኒት ላይ ስለሆነ ክትባቱ ይቆይለት።" ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ የሚመጣውም ለልጁ ከመራራት ነው። የልጆች አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ብግነት) ወይም ሉፐስ (መከላከያው የራሱን ሰውነት የሚያጠቃበት ሕመም) ያለበት ልጅ ግን ከሌላው ይበልጥ ክትባት ያስፈልገዋል። ሕመሙን የሚያስታግሱት መድኃኒቶች የሰውነቱን መከላከያ ስለሚያዳክሙ፣ ለማንኛውም ልጅ አደገኛ የሆነው ኩፍኝ እሱ ላይ ይከፋል።

"ክትባቱ ሕመሙን ይቀሰቅስበታል" ብሎ መፍራትም አለ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ይሄ በደንብ ተፈትሿል። ከ4 እስከ 9 ዓመት የሆናቸው 137 አርትራይተስ ያለባቸው ልጆች ተመርጠው፣ ከፊሎቹ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ማጠናከሪያ ተሰጣቸው፣ ሌሎቹ አልተሰጣቸውም። እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ ሲወጣ የተከተቡት ልጆች ሕመም አልተባባሰም ነበር። ስለዚህ ልጁን አንድ ሁለት ቀን ቢያተኩሰው ወዲያው "ተነሳበት" አትበሉ። መገጣጠሚያው ካበጠ ወይም ትኩሳቱ ከቆየ ግን ለሐኪሙ ንገሩ።

ክትባትን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት ደግሞ በሁለቱም በኩል ይጎዳል። ፔንታቫለንት፣ የሳንባ ምች፣ በመርፌ የሚሰጠው ፖሊዮና የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ሕያው ጀርም የላቸውም፤ ልጁ መድኃኒት እየወሰደም ይከተባቸዋል። ቢሲጂ፣ የፖሊዮ ጠብታ፣ ሮታ፣ ኩፍኝ፣ ጉድፍና ቢጫ ወባ ግን የተዳከመ ሕያው ጀርም አለባቸው፤ መከላከያው በደከመ ሰውነት ውስጥ ጀርሙ ሊራባ ይችላል። ይሄም ቢሆን ለዘላለም ክልክል ማለት አይደለም። ለአርትራይተስ የሚታዘዘውን ሜቶትሬክሴት ለሚወስድ ልጅ የኩፍኝ ማጠናከሪያ ሊሰጥ እንደሚችል የአውሮፓ ሐኪሞች መመሪያ ይፈቅዳል። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ በቀን 20 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ለ2 ሳምንት የወሰደ ልጅ ደግሞ ካቆመ በኋላ ሕያው ክትባት ለማግኘት ቢያንስ አንድ ወር ይጠብቃል። ለካዋሳኪ በሽታ (የልጆችን ደም ሥር የሚያስቆጣ ሕመም) ኢሚውኖግሎቡሊን በደም ሥር የተሰጠው ከሆነ የኩፍኝ ክትባቱ 11 ወር ይዘገያል፤ ምክንያቱ መድኃኒቱ ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ክትባቱን ሥራ ስለሚያስፈታው ነው።

ለዚህ ነው የመድኃኒቱን ስም ሳይናገሩ ማስከተብ የማልወደው። በተለይ በዘመቻ ጊዜ ጠብታ ይዛ በር የምታንኳኳው ባለሙያ ልጁ ምን እንደሚወስድ በምን ታውቃለች? ስሙንና መጠኑን ክትባት ካርዱ ላይ ጻፉት።

ለክትባት ብሎ መድኃኒት በራስ ማቋረጥ፣ በፍጹም! ፕሬድኒሶሎን ድንገት ሲቆም ራሱ አደጋ ነው።

ወንድምና እህትን መርሳትም አለ። እነሱ ሲከተቡ በሽታው ቤት የመግባቱ ዕድል ይቀንሳል። ከፖሊዮ ጠብታ በስተቀር የቤቱ ልጆች ክትባታቸውን ይውሰዱ፤ ፖሊዮውን በመርፌ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

እኛ አገር ደግሞ አንድ መደናገር አለ። ለሪውማቲክ የልብ ሕመም በየወሩ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ክትባት አይደለም፣ ክትባትንም አይከለክልም።

የመጨረሻው፣ ዘግይቶ መጠየቅ ነው። ሪቱክሲማብ (መከላከያውን በኃይል የሚያዳክም መድኃኒት) ከተሰጠ በኋላ ለወራት ክትባት እምብዛም አይሠራም፤ ስለዚህ የቀረው ክትባት ቢያንስ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሰጥ ይሻላል። ሐኪሙ አዲስ መድኃኒት ሊያዝ ብዕር ሲያነሳ፣ ካርዱን ያኔውኑ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡለት።