የቡድን አማካይ ስታወጡ የተደጋገመ ረድፍ እንዳይሸውዳችሁ

አማካይ ማውጣት ቀላል ነው፣ ደምሮ ማካፈል ነው። ችግሩ ሰንጠረዡ ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲገባ ነው። በዚህ ቁጥር ደሞዝ ይወሰናል፣ በጀት ይያዛል፣ ስለዚህ ቀለል አድርገን ልናየው አይገባም።

ምሳሌ እንያዝ። የሐዋሳ ቅርንጫፍ ሦስት ሠራተኞች አሉት። ሁለቱ 8,000 ብር፣ አንዷ 14,000 ብር ያገኛሉ። አማካዩ 10,000 ብር ነው።

1. ጆይን አድርጎ ወዲያው ማካፈል

የሠራተኞቹን ሰንጠረዥ ከሥልጠና ሰንጠረዥ ጋር ጆይን አደረጋችሁ፣ ማለትም በመለያ ቁጥር አገናኛችሁ እንበል። 14,000 የምታገኘው ሦስት ሥልጠና ወስዳለች፣ ሁለቱ አንድ አንድ። ስለዚህ የእሷ ደሞዝ ሦስት ጊዜ ይመጣና አምስት ረድፍ፣ ድምሩ 58,000፣ አማካዩ 11,600 ብር ይሆናል። ለማንም ደሞዝ አልተጨመረም! ከሁሉም የምፈራው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም ኤረር አይሰጥም፣ የሚወጣውም ቁጥር ትክክል ይመስላል።

መጀመሪያ አንድ ሠራተኛ አንድ ረድፍ ብቻ እንዲኖረው አድርጉ፣ ግሩፕ ባይ (በቡድን መክፈሉ) ከዚያ በኋላ ይምጣ። ከማካፈላችሁ በፊት የረድፉን ብዛትና የማይደጋገሙ መለያ ቁጥሮችን ብዛት ጎን ለጎን ቁጠሩ። 5 እና 3 ካያችሁ እዚያው ቁሙ።

2. አቬሬጅ ላይ ዲስቲንክት ጨምሮ መገላገል

ብዙ ሰው መፍትሔ የሚመስለው ይሄ ነው። አይደለም። ዲስቲንክት (ድግግሞሽ የሚያስቀረው የዳታቤዝ ትዕዛዝ) እዚህ ጋ የሚያጠፋው የተደጋገመውን ቁጥር ነው፣ የተደጋገመውን ሰው አይደለም። ሁለቱ ባለ 8,000ዎች የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑም እንደ አንድ ይቆጠሩና 8,000 ሲደመር 14,000 ለሁለት ተካፍሎ 11,000 ይወጣል። ይሄም ስህተት ነው።

3. በስም ብቻ ድግግሞሽ ማጥፋት

ኤክሴል ላይ ሪሙቭ ዱፕሊኬትስን (ድግግሞሽ ማጥፊያውን) ስትጠቀሙ የስም ዓምዱን ብቻ አትምረጡ። እኛ አገር ስምና የአባት ስም የሚገጥምባቸው ሰዎች ሞልተዋል፣ አንዱን ሠራተኛ ሳታውቁት ትሰርዙታላችሁ። መለያ ቁጥር ካለ በእሱ ሂዱ። ሌላው ደግሞ፣ ያው ሰው በድሮውም በአዲሱም ደሞዝ ተመዝግቦ ከሆነ ኤክሴል የሚያስቀረው መጀመሪያ ያገኘውን ረድፍ ነው። ስለዚህ በቀን ደርድሩና አዲሱን ከላይ አድርጉት፣ ካልሆነ ያለፈውን ዓመት ደሞዝ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

4. የቡድኑን ስም አጻጻፍ አለማየት

አንዱ «ሐዋሳ»፣ ሌላው «ሀዋሳ»፣ ሦስተኛው «አዋሳ» ብሎ ይሞላል። ለእኛ አንድ ከተማ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት ቡድን። ጸ እና ፀ፣ ሰ እና ሠም እንደዚያው። ከስሙ መጨረሻ የቀረች አንዲት ባዶ ቦታ እንኳ ዳታቤዝ ላይም ፓንዳስ (የፓይተን የዳታ መሣሪያ) ላይም ቡድኑን ልትከፍለው ትችላለች፣ በዓይን ደግሞ አትታይም። የቡድኖቹን ስም ለብቻ አውጥታችሁ አንድ በአንድ አንብቡና ወደ አንድ አጻጻፍ አምጡ።

5. የአማካዮችን አማካይ መውሰድ

ሐዋሳ 3 ሠራተኛ፣ አማካይ 10,000። ባሕር ዳር 9 ሠራተኛ፣ አማካይ 6,000። የድርጅቱ አማካይ 8,000 ነው የሚል ሪፖርት ብዙ ጊዜ ይጻፋል። ትክክለኛው ግን 84,000 ለ12 ተካፍሎ 7,000 ነው። ድምርና ብዛትን ይዛችሁ ሂዱ፣ የምታካፍሉት መጨረሻ ላይ ይሁን።

6. ባዶና ዜሮን ማምታታት

የኤክሴል አቬሬጅ ባዶ ሴል ይዘላል፣ ዜሮን ግን ይቆጥራል። ኤስኪውኤልም (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ነልን፣ ማለትም ያልተሞላ ቦታን ይዘላል። ደሞዙ ያልተሞላለት ሰው ላይ ዜሮ ከተጻፈ አማካዩ ያለ ምክንያት ይወርዳል። ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር የምትጠቀሙ ደግሞ ዓምዱ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር ብቻ) ከሆነ የ7 እና የ8 አማካይ 7 ብሎ እንደሚመልስላችሁ እወቁ። መጀመሪያ ወደ ዴሲማል (ነጥብ ያለው ቁጥር) ቀይሩት፣ 7.5 ታገኛላችሁ።