«አየሁ» በእንግሊዝኛ ሲሰናከል፦ የ«ሲ»፣ የ«ሉክ» እና የ«ዎች» ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ውስጥ እንግሊዝኛ የሚማር ወጣት ዋናውን ፈተና የሚቀመጠው ክፍል ውስጥ ሳይሆን ፋሲል ግቢ በር ላይ ነው። እንግዳው ከመኪና ወርዶ ሰላምታ እንደተለዋወጡ «አየ» የሚለው ግስ መምጣቱ አይቀርም፤ ከተማዋ የምትታይ ናትና። ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚደናቀፈውም እዚያው ላይ ነው። ሦስቱን የእንግሊዝኛ ግሶች ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ የቃላት እጥረት የለበትም። የሚጎድለው አፉን ከመክፈቱ በፊት «አሁን ዓይኔ ምን እየሠራ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። በማታው ክፍል ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚያመጧቸውን ስህተቶች ከነምክንያታቸው እነሆ።

ምልክት፦ ግንቡን እየጠቆማችሁ «ፕሊስ ሲ ዘ ዎል» ትላላችሁ። እንግዳው ሐሳቡ ቢገባውም አባባሉ ይጎረብጠዋል።

መንስኤ፦ «ሲ» ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ዓይን ተገልጦ ብርሃን ካለ ነገሩ ራሱ ይመጣል፤ ስለዚህ ሰውን እንዲህ ብሎ ማዘዝ አይመችም። «ሉክ» ግን ዓይንን ሆን ብሎ ወደ አንድ ነገር መላክ ነው። የእኛ «ተመልከት» ለእሱ በጣም ይቀርባል። (መጽሐፍ ላይ «ገጽ 10ን ተመልከት» ለማለት «ሲ» በትእዛዝ ይጻፋል፤ እሱ የጽሑፍ ልማድ ነው።)

መፍትሄ፦ ስትጠቁሙ «ሉክ አት» በሉ፤ ዓይኑ መድረሱን ስታረጋግጡ «ካን ዩ ሲ» በሉ። ልዩነቱን በአካል ለማየት ከደብረ ብርሃን ሥላሴ የተሻለ ቦታ አላውቅም። እንግዳው ከጠራራ ፀሐይ ወደ ውስጥ ሲገባ ቤቱ ይጨልምበታል። «ሉክ አት ዘ ሲሊንግ» ስትሉት አንገቱን ያቀናል፤ ግን ገና ምንም የለም። «አይ አም ሉኪንግ፣ በት አይ ካንት ሲ ኤኒቲንግ» ይላችኋል፤ እየተመለከትኩ ነው፣ የሚታየኝ ግን የለም ማለቱ ነው። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑ ጨለማውን ሲለምደው ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በረድፍ በረድፍ፣ ከነትልልቅ ዓይኖቻቸው፣ ከጣሪያው ብቅ ይላሉ። ያኔ «ናው አይ ሲ ዘም!» ይላል። ይህን አንድ ጊዜ በጆሮው የሰማ ተማሪ ሁለቱን ግሶች ዳግመኛ አያምታታም።

እዚሁ ላይ «አት» የምትለዋ ትንሽ ቃል እንዳትጠፋችሁ። በአማርኛ «ጣሪያውን ተመልከት» ስንል «ን» ሥራውን ስለምትጨርስ «ሉክ ዘ ሲሊንግ» ማለት ይቀናናል። የሚታየው ነገር ከተጠራ «አት» የግድ ነው። «ሉክ!» ብላችሁ ብቻ ካቆማችሁ አታስፈልግም።

ምልክት፦ «ዬስተርዴይ አይ ዎችት ዘ ካስል።»

«ዎች» በጥንቱ እንግሊዝኛ ነቅቶ መጠበቅ ማለት ነበር፤ «ዌክ» ከሚለው የመንቃት ግስ ጋር የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ዛሬም የሚንቀሳቀስ ወይም የሚለዋወጥ ነገርን በዓይን መከተል ነው። ግንቡ ደግሞ ከቦታው አይነቃነቅም፤ እንዲህ ያለ ሰው ለሰሚው ትናንት ግንቡን ሲጠብቅ የዋለ ይመስላል። ለግንቡ «ሶው» ወይም «ሉክት አት» ይበቃል። «ዎች»ን ለኳስ፣ ለቴሌቪዥን፣ ለሰልፍ አስቀምጡት። ስሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ቁጭ ብለው ሣር በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ ቆማችሁ ከተከታተላችሁ «ዊ ዎችት ዘ ጀላዳስ» ትክክል ነው። ከጎሃ ኮረብታ ላይ ሆኖ የፀሐይ መጥለቅን ማየትም «ዎች» ነው፤ ብርሃኑ ደቂቃ በደቂቃ ይለወጣልና።

ጥምቀት ላይ ጥያቄ ይነሳል። በዓሉ እንቅስቃሴ ሆኖ ሳለ «ሃቭ ዩ ሲን ጥምቀት?» ለምን ይባላል? አንድን ዝግጅት በሙሉው ተገኝቶ ማየት «ሲ» ስለሆነ ነው። በውስጡ ያለውን ድርጊት መከታተል ግን «ዎች» ይሆናል፤ በጥር 11 ማለዳ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዳር ቆማችሁ ከሆነ «ዊ ዎችት ዘ ፕሪስትስ ብለስ ዘ ዎተር» ትላላችሁ። ፊልምም ሲኒማ ቤት ከሆነ በሁለቱም ይሄዳል።

ምልክት፦ «አይ አም ሲይንግ ዘ ካስል ናው።»

ይህ «እያየሁት ነው» የሚለው አማርኛ በቀጥታ ሲሻገር የሚመጣ ነው። «ሲ» በማየት ትርጉሙ አብዛኛውን ጊዜ ቀጣይ ጊዜ አይወድም፤ «አይ ካን ሲ ዘ ካስል» በሉ። ሆን ብላችሁ እየተመለከታችሁ ከሆነ «አይ አም ሉኪንግ አት ኢት» አለላችሁ። «አይ አም ሲይንግ ዘ ዶክተር ቱሞሮው» ግን ትክክል ነው፤ እዚያ ግሱ ነገ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለኝ የሚል ትርጉም ይዟል። «አር ዩ ሲይንግ ሰምዋን?» የሚለውን ለእንግዳ በፍጹም አትጠይቁ፤ የፍቅር ጓደኛ አለህ ወይ ማለት ነው።

ምልክት፦ «ዩ ሉክ ላይክ ታይርድ።» እዚህ ላይ «ሉክ» ማየቱን ትቶ «መሰለ» ሆኗል። ቀጥሎ ቅጽል ከመጣ «ላይክ» አያስፈልግም፤ «ዩ ሉክ ታይርድ» ብቻ። ስም ከመጣ ግን ያስፈልጋል፤ «ኢት ሉክስ ላይክ ኤ ቸርች»።

ምልክት፦ እንግዳው «ኩድ ዩ ሉክ አፍተር ማይ ባግ?» ሲል ተማሪው ከቦርሳው ኋላ ምን እንዳለ ለማየት ይዞራል። ግሱ ከመስተዋድድ ጋር ሲጋባ ትርጉሙ ስለሚለወጥ ጥንዱን እንደ አንድ ቃል አጥኑት። «ሉክ አፍተር» ጠበቀ፣ ተንከባከበ ነው። «ሉክ ፎር» ፈለገ፤ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» በጉጉት ጠበቀ፤ «ሲ ኦፍ» ሸኘ፣ አዘዞ አየር ማረፊያ ድረስ ሄዳችሁ የምታደርጉት። እንግዳው ገለጻችሁን እየሰማ «አይ ሲ» ካለ ደግሞ «ገባኝ» ማለቱ ነው፤ በጣታችሁ እንደገና መጠቆም አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ በቃላችሁ እንድትይዙልኝ የምለምናችሁ «ዎች ዩር ሄድ» እና «ዎች ዩር ስቴፕ» ናቸው። ዝቅ ያለ በር ወይም ያረጀ ደረጃ ሲያጋጥም «ራስዎን ይጠብቁ»፣ «እርምጃዎን ይጠንቀቁ» ማለት ናቸው። እዚያ ሰዓት «ሉክ!» ብላችሁ ብትጮሁ እንግዳው የሚታይ ነገር ያለ መስሎት ቀና ይላል፤ ግንባሩም ከጉበኑ ይጋጫል።

ምልክት፦ «አይ ሶው ሂም ቱ ጃምፕ።» «ሲዘል አየሁት» ለማለት «ቱ» አይገባም። ድርጊቱን ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ካያችሁ «አይ ሶው ሂም ጃምፕ»፤ በመሃል ከደረሳችሁበት «አይ ሶው ሂም ጃምፒንግ»። አማርኛችን ሁለቱንም በ«ሲዘል» ስለሚሸፍናቸው ልምምድ ይጠይቃል።

ሦስቱ ከጸኑ በኋላ ወደ ሌሎቹ ተመሳሳዮች መሻገር ነው። እዚህ ላይ የራሳችን ቋንቋ ትልቅ ስንቅ አለው፤ ዓይንን በደንብ የሚከፋፍል ቋንቋ ነው። አስተዋለ ስትሉ «ኖቲስ»፣ አፈጠጠ «ስቴር»፣ አየት አደረገ «ግላንስ»፣ በጓዳ በር አጮለቀ «ፒክ» ይሆናል። አደጋ ወይም ወንጀል በዓይኑ ያየ «ዊትነስ» ይባልለታል። አብዝታችሁ ልትጠነቀቁ የሚገባው «ታዘበ» ላይ ነው። የምርጫ ታዛቢ በእርግጥ «ኦብዘርቨር» ነው፤ ወፍ የሚያጠና ሰውም «ኦብዘርቭ» ያደርጋል። ነገር ግን ቀጠሮ ላስቀረ ጓደኛ የምንለው «ታዘብኩህ» ቅሬታ አለበት፤ «አይ ኦብዘርቭድ ዩ» ብትሉት ስትከታተሉት የከረማችሁ ይመስለዋል። ለዚያ «አይ አም ዲሳፖይንትድ ኢን ዩ» በሉት።