ስለ ናዚ ዘመን ለልጆች ልብ ወለድ ስትጽፉ ከማሰሮው ጀምሩ

ስለ ናዚ ዘመን ለልጆች መጻፍ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ከሂትለር ይጀምራል። ከጦርነቱ፣ ከማጎሪያ ካምፖቹ፣ ከተገደሉት 6 ሚሊዮን አይሁዶች። እኔ ከዚያ አትጀምሩ እላለሁ። ቁጥሩ እውነት ነው፣ መነገርም አለበት። ግን የ11 ዓመት ልጅ 6 ሚሊዮን ሰው በዓይነ ኅሊናዋ አይመጣላትም። በሌሊት በር ሲንኳኳ ግን ምን እንደሚመስል ታውቃለች።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ቦታና ጥቂት ቀናት ምረጡ። እኔ ብሆን ዴንማርክን እመርጣለሁ፣ እ.ኤ.አ. 1943። ጀርመን አገሪቱን ከያዘች 3 ዓመት አልፏል። ሴፕቴምበር 28 ቀን ጌኦርግ ዱክቪትስ የሚባል ኮፐንሃገን የሚሠራ ጀርመናዊ፣ ያውም ራሱ የናዚ ፓርቲ አባል የነበረ፣ አይሁዶች ሊታፈሱ መሆኑን ለዴንማርክ ፖለቲከኞች ሹክ አለ። በማግስቱ ጠዋት የአይሁድ የሃይማኖት መሪ (ረቢ) ማርኩስ ሜልኪዮር ለጸሎት ምኩራብ የመጡትን ሰዎች ዛሬ ጸሎት የለም፣ ሂዱና ተደበቁ፣ ለምታውቁት ሁሉ ንገሩ አላቸው። ኦክቶበር 1 ሌሊት አፈሳው ሲጀመር አብዛኛው ቤት ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ከ7,000 በላይ ሰዎች በዓሣ አስጋሪ ጀልባዎች ጦርነቱ ውስጥ ወዳልገባችው ስዊድን ተሻገሩ።

ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሷቸው። ዱክቪትስ ያስጠነቀቀበት ቀን መስከረም 17 ቀን 1936 ዓ.ም. ነው፤ የመስቀል ዕለት! አያቶቻችን ደመራ ለኩሰው ባደሩ ማግስት ማለት ነው። መጽሐፉ ውስጥ አታስገቡት፣ የዴንማርክ ልጅ መስቀልን አታውቅም። ለእናንተ ግን ታሪኩ ተረት እንዳልሆነ ያስታውሳችኋል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ባለታሪካችሁን ጀግና አታድርጓት። አንዲት የጎረቤት ልጅ ውሰዱና አንድ ሥራ ብቻ ስጧት፤ ዕቅዱን በሙሉ አታውቀውም። ለምሳሌ ጊለላይየ በምትባለው የዓሣ አስጋሪዎች መንደር አይሁዶች ጀልባ እስኪገኝ ድረስ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሥር ተደብቀው ነበር። ልጅቷ ምግብ አመላላሽ ትሁን፦

«እናቷ ማሰሮውን በፎጣ ጠቅልላ ሰጠቻት። ‹ማንም ቢጠይቅሽ ለታመመችው አክስቴ ነው በይ።› መንገድ ላይ ወታደሩ አስቆማት። ክዳኑን ከፈተው። የሾርባው እንፋሎት መነጽሩን አደበዘዘው። ‹ይሄ ሁሉ ለአንድ በሽተኛ?› አላት። ማሰሮው ትልቅ መሆኑን ያስተዋለችው ያኔ ነው።»

እዚህ ውስጥ «ድፍረት» የሚል ቃል የለም፣ «ክፉው ናዚ» የሚልም የለም። ልጅቷ መዋሸት አለባት፣ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ማሰሮውን ጥላ ብትሮጥ ደግሞ ማንም አይፈርድባትም። ይሄ መጨረሻው ነገር እንዳያመልጣችሁ፦ እምቢ ማለት ትችል ነበር። አንባቢዋ ይህ ካልተሰማት መልካም ሥራው እንደ ዝናብ በራሱ የወረደ ይመስላታል።

ዋጋውንም አትደብቁ። ብዙ ዓሣ አስጋሪዎች ገንዘብ ይቀበሉ ነበር፣ ለአንድ ሰው በአማካይ 1,000 የዴንማርክ ክሮነር ገደማ። ለሠራተኛ ቤተሰብ ብዙ ገንዘብ ነው። አንዳንዱ በችግር ነገደ፣ አንዳንዱ ግን ጀልባው ከተወረሰ ልጆቹ የሚበሉት አልነበረም። ሁለቱንም አሳዩና ፍርዱን ለልጆቹ ተዉላቸው፣ ከምናስበው በላይ ያመዛዝናሉ። ጀልባ ውስጥ እንዳያለቅሱ የእንቅልፍ መድኃኒት የተሰጣቸው ሕፃናትም ነበሩ። እናት ያንን ስትፈቅድ እጇ ምን እንደሚሆን ጻፉት።

ያልተሳካውንም ጻፉ። ኦክቶበር 6 ሌሊት የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ የጊለላይየን ቤተ ክርስቲያን ከቦ 80 ገደማ ሰዎችን ያዘ። ከመላ አገሪቱ 470 የሚሆኑት ቴሬዚየንሽታት ወደሚባለው ካምፕ ተወሰዱ። ልጅቷ ሾርባ ያደረሰችላቸው ሰዎች ከእነዚህ መሃል ቢሆኑስ? እኔ ይህን ምዕራፍ አልዘለውም። ለልጆች ሁሉም ዳነ ብሎ መጻፍ እነሱን መናቅ ነው። ግን ጭካኔውን በዝርዝር መሳል አያስፈልግም። በማግስቱ ባዶውን ጣሪያ ሥር፣ የቀረውን ማንኪያ ማየቷ ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የዴንማርክ ንጉሥ ከአይሁዶች ጋር ለመተባበር፣ ናዚዎች አይሁዶችን ለመለየት በግድ ያስደርጓቸው የነበረውን ቢጫ ኮከብ ደረቱ ላይ አደረገ የሚለውን ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል። ቆንጆ ነው፣ ግን አልሆነም። በዴንማርክ ያሉ አይሁዶች ኮከቡን እንዲያደርጉ ጭራሽ አልታዘዙም። ገጸ ባሕርይ መፍጠር ይቻላል፣ ታሪክ መፍጠር ግን አይቻልም።

ቋንቋውን በተመለከተ አማርኛችን ሀብታም ነው። አፈሳ፣ ሰዓት እላፊ፣ ጆሮ ጠቢ፤ እነዚህን ቃላት ቤተሰቦቻችን በራሳቸው ዘመን ኖረውባቸዋል፣ ልጆችም ከትልልቆቹ ሰምተዋቸዋል። ተጠቀሙባቸው። ብቻ ጌስታፖውን ወደ ቀበሌ ጥበቃ አትቀይሩት፣ ኮፐንሃገን ኮፐንሃገን ትሁን፤ ብርዱም፣ ብስክሌቱም፣ የዓሣው ሽታም የዚያው ይሁን።

ረቂቁ ሲያልቅ ለአንድ ልጅ ጮክ ብላችሁ አንብቡላት። አስተያየቷን አትጠይቋት፣ ፊቷን እዩ። ወታደሩ ክዳኑን ሲከፍት ትንፋሿን ካልዋጠች ያንን ገጽ እንደገና ጻፉት።